የሚዞረው ገብስ

ሰኞ
ዛሬም ሲዞር ዋለ። የቬንትሌተሩን ክንፍ ነቅዬ የጣሳ ክዳን አሰርኩበት፤ በክዳኑ ዙሪያ እርጥብ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ የራሰ ገብስ። የኔ ሶኬት ስለተቃጠለ ያስቀመጥኩት አከራዬ እትዬ አስካለ ሳሎን ነው። በዚህ ብርድ ሞላሌ ላይ ቬንትሌተር የከፈትኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጦሱ የራሴ ነው። ለዘጠነኛ ክፍሎች፣ ጠፈር ላይ ያለ ተክል ሥሩ ወዴት እንደሚወርድ ይጠፋዋል አልኳቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ተክሉንም አይጡንም በሚሽከረከር ዕቃ ውስጥ ያኖራሉ፤ መሽከርከሩ እንደ ክብደት ይሆንላቸዋል። አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ የት አይተውት ነው?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የዛሬ ሳምንት ላሳያቸው ቃል ገባሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ሥሩ ከመሃል ሸሽቶ ወደ ውጭ ካልበቀለ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል?

ማክሰኞ
አይጥም ያዞራሉ ስላቸው እትዬ አስካለ «አይጧስ ምን አጠፋች?» አሉኝ። ሳቅኩ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ ቆየሁ። አብራኝ የነበረችው መምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ከተዛወረች ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው። ሰልችቶኛል።

ረቡዕ
አለቀ። ስመለስ መብራት ጠፍቷል፣ ክዳኑ ባዶ ነው፣ ገብሴ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ላይ ተሰጥቷል። «ብቅልሽ ደርሶ ነበር፤ እንዳይሻግትብሽ አሰጣሁልሽ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ለማኅበራቸው ጠላ የሚጠምቁ ሴት የበቀለ ገብስ ሲያዩ ሌላ ምን ያስቡ? ሥሩ ደርቆ ተጠቅልሏል፤ ወዴት እንደበቀለ አይለይም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ገባሁና በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ለገብሱ ብቻ አይደለም።

ሐሙስ
ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ በእጃቸው አንድ እፍኝ ገብስ፣ ገና ጫፉ ብቅ ያለ፣ ከራሳቸው ብቅል ያነሱት። ማልቀሴን ሰምተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የክፍሉን ሳቅ ጭምር። አሰብ አደረጉና «እኛ ብቅሉ ሲበቅል ድንጋይ እንጭንበታለን፣ እናንተ ታዞሩታላችሁ» አሉ። መብራት መጥቷል። እሳቸው ጥጡን አራሱ፣ እኔ አሰርኩ።

ዓርብ
ጎረቤታችን ቬንትሌተሩን ልታጠፋው ስትል እትዬ አስካለ «ተይው፣ የልጄ ነው» ብለዋታል። ራሷ ነገረችኝ።

ቅዳሜ
ገበያ አልወጣሁም። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠብቄ አብረን አጠፋነው። ሦስት ፍሬ ሻግቷል። የቀሩት ሥራቸውን ወደ ክዳኑ ጠርዝ ሰደዋል፤ ከላይ ያሉትማ ሽቅብ። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩ፣ አማተቡ። ነገ ልጆቹ ያምኑኝ እንደሆነ እንጃ።

«የት አየሽው ካሉሽ» አሉኝ፣ «አስካለ ቤት በያቸው።»

ራት አብረን በላን።