ለአባቷ መሳፈሪያ የተጠራቀመ ማገዶ

ለውድ ወንድሜ ለሊምባኒ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚያስልህ ደረትህስ ተሻለው? ሥራ ተገኘ ወይስ አሁንም ከሰው በር ቆመህ ነው የምትውለው? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ስልክህ ከፋሲካ ወዲህ ስለማይነሳ፣ ይህን ደብዳቤ አንተ ወዳለህበት ከተማ ወደ ጆኒ በሚመለሰው በጎረቤታችን ልጅ በፋትሳኒ እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እየሄድክ የሚነበብ አይደለም።

ነገሩ የልጅህ የአሊናፌ ነው። አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናት። ስድስት ዓመት ሆኗት አንደኛ ክፍል መግባቷን ታውቃለህ። ትምህርት ቤቱ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይሰጣል፤ ዱቄቱ በመኪና ይመጣል፣ እኛ እናቶች በየተራችን እየሄድን እናበስላለን። ልጆቹ አንድ አንድ እንጨት ይዘው ይመጡና ከማብሰያው በር ላይ ጥለው ኩባያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። እንጨት ያላመጣም ቢሆን አይከለከልም። ይህን ግን ለሕፃናቱ የነገራቸው ሰው የለም።

ከፋሲካ እረፍት በኋላ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ልጅቷ እየከሳች ሄደች። እናታችን ወስፋት ነው ብላ መራራ ቅጠል ጨምቃ አጠጣቻት፤ እኔም ጤና ጣቢያ ወስጄ ኪኒን አስዋጥኳት። ምንም ለውጥ የለም። ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ሳበስል፣ ሰልፉ እስኪያልቅ ብጠብቅ አሊናፌ የለችም። መምህሯን ብጠይቃት «እሷማ ጠግቤያለሁ እያለች ሁልጊዜ ማንጎው ሥር ነው የምትቀመጠው። ቤት ደህና አድርጋችሁ ታበሏታላችሁ መሰለኝ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ቤት ጠዋት ምን እንደሚበላ አንተ ታውቀዋለህ።

እቤት ተመልሰን ምሳ ልሠራ ስል ማገዶ አለቀብኝ። ይህን ሁሉ መቼ አነደድኩት እያልኩ ከጎተራው ሥር ጎንበስ ብል፣ በልጥ የታሰረ እንጨት አገኘሁ። ገና ስስበው አሊናፌ እየሮጠች መጥታ እላዩ ላይ ተኛችበት። «አክስቴ፣ እሱን አትንኪብኝ፤ የአባዬ ገንዘብ ነው» አለች። ለካ በየጠዋቱ ለትምህርት ቤት ብዬ የምሰጣትን እንጨት እዚያ ነው የምትሸሽገው። ብቆጥረው ሠላሳ አንድ ነው።

አቅፌ ጠየቅኋት። እንጨት ሰጥቶ አጥሚት የሚቀበል ልጅ፣ እንጨቱ ገንዘብ ነው ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል? አንተ ደግሞ ከፋሲካ በፊት በስልክ «የመሳፈሪያ ገንዘብ ሳገኝ እመጣለሁ» ብለሃታል። «አንድ እንጨት አንድ ኩባያ ነው። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ስለሆነ ሁለት ሁለት ይጠጣል። ረዳቱም አለ፣ መንገዱም ሩቅ ነው» አለችኝ በጣቷ እየቆጠረች። ቀጥላ ደግሞ ቀና ብላ «ግን አባዬ ለምን እዚያ ድረስ ሄደ? የኛ ጫካ እኮ ሙሉ ገንዘብ ነው» አለች።

ሊምባኒ፣ እኔ ይህን ያህል ዕድሜ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ጓደኞቿ እፍ እያሉ ሲጠጡ፣ ሽታው ማንጎው ሥር ድረስ እየመጣባት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ማንም ሳያዛት ሠላሳ አንድ ጠዋት አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ይህን ልብ ከየት አመጣችው? እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቻይ ነበረች፤ ይህ ግን ከእሷም በላይ ነው። የዚያን ዕለት ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

እንጨት ገንዘብ እንዳልሆነ፣ አጥሚቱም እንደማይሸጥ አስረዳኋት። «ታዲያ ማነው የሚከፍለው?» አለች። ሩቅ አገር ያሉ፣ አንቺን አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች ናቸው የሚልኩልሽ አልኳት። «የማያውቁኝ ሰዎች አጥሚት ከላኩልኝ፣ የሚያውቀኝ አባዬማ ራሱ ይመጣል» አለችኝ። አንተ የምትላት ካለህ መጥተህ ንገራት።

ባዶ እጄን ሰው ፊት አልቀርብም እንደምትል አውቃለሁ። ተው ወንድሜ። ቆርቆሮም ብስክሌትም የጠየቀህ የለም። የበቆሎ ገንፏችንን ንሲማንና ትንንሽ ዓሣ አናጣም። ልጅህ ከጉሮሮዋ ነጥቃ መሳፈሪያህን እያስቀመጠችልህ፣ አንተ እዚያ ሆነህ ታፍራለህ? አሁን አጥሚቷን ትጠጣለች፤ እንዲያውም ሳይደገምላት ከሰልፉ አትወጣም። እንጨቱን ግን አላነደድኩትም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እናታችን እየመረቀች ሰላም ትልሃለች፤ ዓይኔ ሳይደክም ልየው ትላለች። ባለቤቴ ዎንጋኒ ሰላም ብሎሃል፤ ጀልባዬ ላይ አንድ ቀዛፊ ጎድሎኛል፣ ቦታውን ለሌላ አልሰጥም ብሏል። ልጆቼ ቲያሚኬና ኡሌሙ እጅ ነስተዋል። አሊናፌ ደግሞ ከእንጨቶቹ ሁሉ ቀጥ ያለውን መርጣ ለፋትሳኒ ሰጥታዋለች፤ የነገርኳትን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ነው እንግዲህ። ለሹፌሩ ስጠው፣ መልስ ካለው አባዬ ይዞት ይምጣ ብላዋለች።

እህትህ ዚዮኔ
ሳሊማ፣ ከሐይቁ ዳር
ጁን 14 ቀን 2019