የትራክተሩ ፊልምና የፋዲላ መልስ

የካ፣ መጋቢት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ለተከበርኸው ወዳጄ ለከድር፣

የካርዱ ፎቶግራፍ እንጦጦን ያሳይሃል፤ እኔ ግን የምነግርህ ከተራራው ሥር በቀበሌው አዳራሽ ስለታየ ፊልም ነው። ስለ ትራክተር ነበር። መብራቱ እንደ በራ ሊቀመንበሩ፣ «ምን ተማራችሁ?» ሲል ጠየቀ።

በቤቷ ያረፍሁባት የእህቴ ልጅ ፋዲላ ተነሣች። «እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ያለፈው እሑድ የህንድ ፊልም ግን፣ ቋንቋውን ሳልሰማ አስለቅሶኛል።»

«እናትየዋ ልጇን ስታገኘው ነው አይደል?» አለቻት ጎረቤቷ።

«እሱን አታንሺብኝ፤ ሻሼ ነው የራሰው።»

«አጎትየውንስ? እኔ ብሆን በጫማ ነበር የምመታው» አለ አንድ ሾፌር። አዳራሹ በሙሉ የህንዱን ፊልም ያወራ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ይህ የአድኃሪ ዝንባሌ ነው። አባት፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ያርሟት» አለኝ። ወደ ጅማ የምመለስበትን የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው እርሱ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ቆሜ፣ «የማርመው ስሕተት አላገኘሁም፤ እኔም አንቀላፍቼ ነበር» አልሁት።

በእኛ በጅማው ሲኒማ ቤት ተመልካቹ ከተዋናዩ ጋር ይጣላል እንጂ፣ ለምን አለቀስህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም።

ይለፉ እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ይህን ካርድ ያለ ፖስታ የላክሁትም፣ በመንገድ ላይ ማንበብ የሚሻ ሁሉ እንዲያነበው ነው።

ቦታው ጠበበ። ለመብሩካና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በሲኒማ ቤቱ ወንበሬን ለማንም አትስጥብኝ፤ ብዘገይም እመጣለሁ።

ወዳጅህ አብዱልናስር