ለአዲሱ ገንዘብ ያዣችን፣ በሩ አጠገብ ስለሚለጥፉት ወረቀት

ይድረስ ለተከበሩ የጥንታዊ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ከእኛ ቤት በላይ ለሚኖሩት ፋርማሲስት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉባቸው እግሮችዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ፣ ማኅበራችንን አሥራ አንድ ዓመት በገንዘብ ያዥነት አገልግዬ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ በሃያ ሦስት ድምፅ ለአራት የተሻርኩት ሰዓት ሠሪ፣ ደኅና ነኝ። ከአራቱ ድምፆች አንዱ የራሴ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸው ጉንጫቸውን በእጃቸው የደገፉ አንድ አዛውንት አባላችን፣ እጃቸው እንደወጣ ተቆጥሮላቸው የተገኘ ነው። ለቆጣሪው ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ይህን ደብዳቤ ከወረቀትዎ ጎን የለጠፍኩት፣ አባላት እርስዎን ሲያነቡ እግረ መንገዳቸውን እኔንም እንዲያነቡኝ ነው። ሁሉም ነገር በግልጽ ይሁን ያሉን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ዘግይቼ የገባሁ ተማሪ ብሆን የቤት ሥራዬን ይዤ ቀርቤያለሁ።

አዲስ አባላት ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማኅበራችን አርባ የማይሞሉ ሰዎች፣ ከማተሚያ ቤቱ በላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ሦስት ጠረጴዛዎችን ከበው ቅዳሜ ቅዳሜ የቆዩ ሳንቲሞችን የሚያገላብጡበት፣ ትርፍ የማይፈልግ ስብስብ ነው። በየዓመቱ ጉባኤ ሰብሳቢው «የገንዘቡ ነገርስ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ተነሥቼ «ሁሉም ደኅና ነው» እላለሁ፤ ይጨበጨባል፤ ሻይ ይቀርባል። አሥር ዓመት እንዲህ በሰላም ኖርን። በአሥራ አንደኛው ዓመት እርስዎ እጅዎን አወጡና፣ ለበሽተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ በሚያስረዱበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደኅና ማለት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መልሱን ከደረት ኪሴ ደብተር ውስጥ ብፈልገው አጣሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ እርስዎ ተሾሙ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወረቀቱ። ገቢውን በሰማያዊ፣ ወጪውን በቀይ ጽፈው በየወሩ በሩ አጠገብ፣ በሰው ዓይን ልክ ስለሚለጥፉልን እናመሰግናለን። ድሮ አባላት ሲገቡ በቀጥታ ወደ እኔ ጠረጴዛ ነበር የሚመጡት። አሁን ወረቀቱ ፊት ተሰልፈው፣ እንደ ፈተና ውጤት አንገታቸውን አስግገው ያነቡታል። ባለፈው ወር አራት ወር ሙሉ ያሳደድኳትን፣ መርከብ የተቀረጸባትን የብር ሳንቲም አግኝቼ ጨርቁ ላይ አኖርኳት። የሃያ ዓመት ወዳጄ ፀጉር አስተካካዩ በአጠገቤ ሲያልፍ እጅጌውን ብይዘው፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ የሻይ ወጪው ለምን እንደቀነሰ ልይ» አለኝ። ለሻይ ወጪያችን ማነስ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፤ በጀት ስለሚሉት ነገር። በእኔ ዘመን የተሰበረ ነገር ካለ ገዝቼ እተካ ነበር፤ ማንንም አላስቸገርኩም። እርስዎ ግን የመስታወት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ይቀየር ወይስ ወንበር ይገዛ ብለው ይህን ሁሉ ሰው ሁለት ሰዓት አከራከሩት። ቁልፉ በሁለት ድምፅ አሸነፈ። የገረመኝ ይህ አይደለም፤ የወንበሩ ደጋፊዎች ተሸንፈውም ደስ ብሏቸው፣ እየተቃለዱ ደረጃውን ወረዱ። ሰው ተሸንፎ እንዴት ደስ ይለዋል? እኔ ተሸንፌ አይቼዋለሁ፤ ደስ አይልም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ ስለ ባለቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት በንብረት ክፍል የሠራች ሴት ናት። ሳንቲሞቼን «ዝገቶችህ» ስትል ነው የኖረችው። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ስለጣለ ጃንጥላ ይዛልኝ መጣችና፣ እስክጨርስ ስትጠብቅ ወረቀትዎን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። በሚቀጥለው ወር አባል ሆነች። በሦስተኛው ወር በአባላት ሙሉ ድምፅ ኦዲተር ሆና ተመረጠች፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሁለት ራሶች አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰው አያለሁ፤ ሳቋንም እሰማለሁ። ገቢና ወጪ ውስጥ የሚያስቀው የትኛው እንደሆነ ቢገልጹልን ለግልጽነቱ ይረዳ ነበር። እቤት ስንገባ ደግሞ «ሰውየው ቁጥር ሲጽፉ እጃቸው እንዴት ያምራል» ትለኛለች። እኔ የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል ብሎን በወረንጦ አንሥቼ የሰዓት ሆድ ውስጥ የምተክል ሰው ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስንኖር ስለ እጄ እንዲህ ብላ አታውቅም።

አራተኛ ቅሬታዬ የድሮው ደብተሬ በመመርመሩ ነበር፤ ስጽፈው ግን ወደ እኔው ዞረብኝ። አንድ ረቡዕ ባለቤቴ ደብተሩን ይዛ ሱቄ መጣች።

«እዚህ ላይ ‹ማጉያ ያለው መብራት፣ ለማኅበሩ› ይላል። የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«የክፍሉ ሶኬት እኮ ስለማይመች…» ብዬ ጀመርኩ።

«የት ነው አልኩህ እንጂ ለምን አላልኩህም» አለች።

መብራቱ በሁለታችን መሃል፣ የአንድ ደንበኛ ሰዓት ላይ እየበራ ነበር። በየሳምንቱ «ቅዳሜ እወስደዋለሁ» እያልኩ ስድስት ዓመት አልፏል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኔ ቁጭት ግን መብላት አለመብላቴን እንኳ ለይቼ አለማወቄ ነው። ኪራዩ ሲጎድል ከኪሴ የሞላሁባቸው ወራትም ነበሩ፤ እነሱ ግን አልተጻፉም። የሰጠሁትም የወሰድኩትም እዚሁ ጭንቅላቴ ውስጥ ተደባልቀው ስለኖሩ፣ አንዱ ለሌላው ሊመሰክርለት አልቻለም።

መብራቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ደረጃውን ወጣሁ። በሰው ፊት አንዲት ቃል ቢናገሩኝ ተቀይሜዎት ከማኅበሩ ልወጣ ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ ግን ተቀበሉኝ፣ ሶኬት ላይ ሰክተው መሥራቱን አዩ፣ «ስላመጡልን እናመሰግናለን» አሉኝ። በወሩ ወረቀት ላይ «ማጉያ መብራት፣ አንድ፣ ተመልሷል» ይላል፤ የማንም ስም የለም። የምቀየምበትን ሰበብ እንኳ ስለነፈጉኝ ሳላመሰግንዎ አላልፍም።

አምስተኛ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኪራዩን በግማሽ ጨምሮ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ በየቤቱ እየዞርኩ የምለምነው እኔ ነበርኩ፤ አንዱ ነገ ይለኛል፣ ሌላው እቤት የለም በሉት ሲል በበሩ ይሰማኛል። እስቲ እሳቸውም ይቅመሷት አልኩ። እርስዎ የትም አልዞሩም። የጎደለውን ልክ ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት። በሁለት ቅዳሜ ሞላ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ መዋጮውን ሳላስታውሰው ከፍሎ የማያውቀው ወዳጄ፣ ከሌላው እጥፍ ሰጠ። ፂሜን ልላጭ ተቀምጬ ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ለአንተም እሰጥ ነበር እኮ» አለኝ፣ «ግን የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። አንተም የምታውቅ አትመስለኝም ነበር።» ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር አልተከራከርኩም። ወደ ቤቴ እየሄድኩ ግን የምከራከርበት ነገር ስፈልግ መንገዱ አለቀብኝ።

እኔም ሰጥቻለሁ። የደረሰኜ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ሱቄ ወስጄ በመነጽር አየሁት፤ ሰባቱ ቀጥ ያለ፣ አንዱም ያልተንጋደደ፣ ንጹሕ ጽሕፈት ነው። ባለቤቴ አልተሳሳተችም። ይህን ማመን ከኪራዩ ይልቅ ከብዶኛል።

ስለዚህ በቀጣዩ ጉባኤ ለገንዘብ ያዥነት እንደምወዳደር በአክብሮት አስታውቃለሁ። እንደማላሸንፍ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰብሳቢው የገንዘቡን ነገር የሚጠይቁት ሰው ዳግመኛ እኔ ብሆንና ተነሥቼ ቁጥሩን፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ብናገረው፣ ከዚያ በኋላ ለመሻር ዝግጁ ነኝ። ባለቤቴ ድምፅዋን ለማን እንደምትሰጥ አልጠየቅኋትም፤ ግልጽነትም ልክ አለው።

በሥራዎ እየተደሰትኩ በስምዎ እየተቃጠልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፣
ከሥርዎ ያለው ጎረቤትዎ ሰዓት ሠሪው

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ወር ወረቀት የወጪው ድምር ከትክክለኛው በአርባ ሳንቲም ይበልጣል። አራት ጊዜ ደምሬ አረጋግጫለሁ፤ እንደዚያ ምሽት ጥሩ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመት አልፎኛል። እርማቱን በቀይ እንዲጽፉልን እየጠየቅሁ፣ ስሕተቱን ያገኘው ሰው ግን በዚህ ጊዜ በስሙ ቢጠቀስ ቅር እንደማይለው በትሕትና እገልጻለሁ።