መንጋጋዬና የእሑዱ ስብሰባ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

የሊሙ ገነት ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ገባ። እንደ ልማዴ ከየጆንያው ፍሬ እየፈለፈልኩ ነከስኩ። ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ጥርስ ከሰመጠበት እርጥብ ነው። አንዱ ላይ ቀጭ ያለው ግን ቡናው አይደለም፣ ከጆሮዬ ሥር ነው። አመመኝ። ባለቡናው አባ ቢያ ሳቀ። ቡናዬ ጆሮ ድረስ ይሰማል፣ ዋጋ ጨምር አለኝ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅም ያማል።

ማክሰኞ

ከቀበሌ ጥሪ መጣ። እሑድ ነጋዴ ሁሉ በስብሰባ ፊት ቆሞ ይጠየቃል፦ ቡና ደብቀሃል ወይ? ባለፈው ጎረቤቴ ኃይሉ ሲጠየቅ ዝም አለ። ደንግጦ ነበር። ንቀት ነው ተባለና ተወሰደ። ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች።

እኔ የደበቅሁት የለም። መልስም አለኝ።

ረቡዕ፣ ሲነጋ

አፌ አልከፈት አለ። ባለቤቴ ዘነበች መንጋጋ ቆልፍ ነው ብላ አለቀሰች፤ ምስማር ረግጠሃል ወይ እያለች እግሬን አገላበጠች። አልረገጥኩም። ፈራሁ፣ አልነገርኳትም። በሐሳቤ የመጣብኝ እሑድ ነው። ቆሜ ሳለ ቢቆለፍስ? እንደ ኃይሉ ዝም ብል?

ከሰዓት። ትንሽ ላላ። ጥርስ ነው ብዬ ገበያ ዳር ካለው ነቃይ ዘንድ ሄድኩ። ነቀለው። ሥሩ ነጭ፣ ደህና። ሕመሙ እዚያው።

ዓርብ

ከዘነበች ጋር ሆስፒታል ዋልኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጣቱን ከጆሮዬ ፊት አድርጎ ክፈት ዝጋ አሰኘኝ። ጋሼ፣ ደህና ጥርስ ነው ያስነቀሉት አለኝ። የታመመው መገጣጠሚያው ነው። መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስስ ትራስ የመሰለ ነገር አለ። ሲንሸራተት ቀጭ ይላል፣ ሲወሸቅ አፍ ይቆለፋል።

ተኝተው ጥርስ ያፋጫሉ ወይ? እኔ ምን አውቃለሁ። ዘነበች መለሰችለት፦ ወፍጮ ቤት የማድር ይመስለኛል። ከመቼ ጀምሮ ሲላት፣ ኃይሉ ከተወሰደ ወዲህ አለች። ሐኪሙ ወረቀት አንስቶ የሚደረገውን ዘረዘረ።

ሙቅ ጨርቅ። ለስላሳ ምግብ። ቡና መንከስ ክልክል። በግድ አለመክፈት። ደህና አፍ ሦስት ጣት ያስገባል አለ። ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚለበስ ፕላስቲክም አለ፤ የሚሠራው አዲስ አበባ።

ቅዳሜ

ቡናውን በቢላ ሰንጥቄ አየሁ። አባ ቢያ አልሳቀም። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሂድ፣ በሽተኛ ነህ አለኝ። አሰብኩበት። ስብሰባ ሲደርስ የጠፋ ነጋዴ መጋዘኑ ይታሸጋል። በእኔ ፋንታ የምትቆመው ዘነበች ናት። አልሄድም። ሲወጣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ አለኝ። 

እሑድ፣ ጠዋት

ጥርሴን ነክሼ ነቃሁ። አፌ የሚያስገባው አንድ ጣት ብቻ።  ዘነበች ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከረች ከጆሮዬ ሥር ትይዛለች።

ወስኛለሁ። ስሜ እስኪጠራ አልጠብቅም። ከሁሉ በፊት እጄን አነሳለሁ፣ ሙቀቱ ሳይለቀኝ። መጀመሪያ የመንጋጋዬን ሕመም እናገራለሁ። ኋላ ቢቆለፍ፣ ዝምታዬ ከምን እንደመጣ ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ የቡናውን።

ሁለት ጣት ገባ። ሦስተኛው እምቢ አለ። ለመናገር ሁለት ይበቃል። ዘነበች ጨርቁን እንደገና እየነከረች ነው። ከበር ውጭ ወደ ስብሰባው ይጠሩናል፤ ልሂድ።