ሬንጅ የተቀባው ጣሪያችን እንዳይነሳ

ሜይ 9 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ለካውንቲው የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የኢኒሽቶር ደሴት ካቶሊካዊ ጸሎት ቤት ጣሪያ ባለበት እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

እኔ አመልካች ፌስተስ ኮኒሊ የደሴቱ ነዋሪና ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 67 ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ወር በላከልን ደብዳቤ የጸሎት ቤታችን ጣሪያ ሬንጅና ሸራው ተነሥቶ «እንደ ጥንቱ» ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዲለብስ፣ እስከዚያም ማንም ጣሪያው ላይ እንዳይወጣ አዟል። ለአሳቢነትዎ እናመሰግናለን። ነገር ግን ጥንቱ እንዲያ አልነበረም።

1. ጸሎት ቤቱ በ1831 ሲሠራ በደሴቱ ግንበኛ እንጂ አናጢ አልነበረም። እንጨት የሚያውቁት ጀልባ ሠሪዎች ብቻ ነበሩ፤ አለቃቸውም ቅድመ አያቴ ነበር። እነሱም የሚያውቁትን ሠሩ፦ ትልቅ ጀልባ አበጁና ግድግዳው ላይ ደፉት። ቆልማማ እንጨት፣ በላዩ ሸራ፣ በሸራው ላይ ሬንጅ። ድንጋይ ለብሶ አያውቅም፤ ግድግዳውም አይችለውም።

2. ባለሙያዎ «ጥቅማቸው ያልታወቀ» ያሏቸው ሦስት አግዳሚ እንጨቶች የቀዛፊዎች መቀመጫ ናቸው። መቀመጫ የሌለው ጀልባ ምኑን ጀልባ ሆነ ብለው ተዋቸው። ግድግዳው አጭር ስለሆነ አዲስ የሚመጣ ቄስ ሁሉ በመጀመሪያው እሑድ ግንባሩን በእነዚህ እንጨቶች ይመታል። አባ ፊንባር የተመቱ ዕለት አሮጊቷ ዴሊያ ከኋላ ወንበር «እንግዲህ ቤተኛ ሆኑ፣ አባ!» ብላ ቤቱን በሳቅ አናጋችው። ይህን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም።

3. ሬንጁ በየዓመቱ ጁን 23፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ይታደሳል። ሥራው የጀልባ ሠሪው ዘሮች ነው፤ የቀረነውም እኔና ታላቅ ወንድሜ ኮልማን ብቻ ነን። እሱ ይቀባል፣ እኔ ባልዲ እይዛለሁ።

እዚህ ላይ የግል ጉዳይ ስለማስገባቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ወንድሜ የአባታችንን ጀልባ ሳያማክረኝ ከሸጠ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈናል። ጎረቤታሞች ነን፤ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እሱ ባሕሩን ያያል፣ እኔ አጥሩን። ጣሪያ ላይ ግን ማኩረፍ አይቻልም። ወደ ኋላ እየሄደ የሚቀባ ሰው ጠርዙን አያይም፤ ካልነገሩት ይወድቃል።

ስለዚህ «ቁም!» እለዋለሁ።

«ገና ነኝ።»

«አንተ ደንቆሮ፣ ቁም ብዬሃለሁ!»

«ደንቆሮስ አንተ! ይልቅ ባልዲውን አቅርብ።»

ከዚያ በኋላ የጉልበቱን ሕመምም፣ የበጎቹንም ነገር ሲያወራኝ ይውላል። ከመሰላሉ ስንወርድ «በል፣ ለከርሞ ያድርሰን» ይለኛል፤ በዚያው እስከ ከርሞ እንለያያለን።

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ ዘንድሮ ሰባ አንድ ሞልቶታል። ድንጋይ የለበሰ ጣሪያ ሬንጅ አይፈልግም፤ ሬንጁ ከቀረ ደግሞ ወንድሜም ይቀርብኛል። ይህን ሳስብ እፈራለሁ።

ስለሆነም ጣሪያው ባለበት እንዲጸና፣ ይህ ባይሆን እንኳ እገዳው ከጁን 23 በኋላ እንዲጀምር፣ ባለሙያዎም በዕለቱ መጥተው ሥራውን እንዲያዩ (ወፍራም ኮፍያ ቢያደርጉ ይሻላል) በትሕትና አመለክታለሁ።

ይህን የመጨረሻ አንቀጽ የጨመርኩት ኮልማን ከፈረመ በኋላ ነው። አባ ፊንባር ቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አቤቱታውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ «ደንቆሮ» የሚለው ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ ፈርሞም እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ የጣሪያው ቀን ገና ነዋ።

ከደሴታችን ሰላምታ ጋር

ፌስተስ ኮኒሊ (ፊርማ)
ኮልማን ኮኒሊ (ፊርማ)