ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የበቀለው ደበርጃን

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ሰኔ

ውድ ነስሪን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን በስልክ ብጠይቅሽ «አልሐምዱሊላህ» ብለሽ አለፍሽው። እሱ ምስጋና እንጂ መልስ አይደለም። የሚያምሽ የቀኙ ይሁን የግራው፣ ስትነሺ ይሁን ስትቀመጪ፣ ለይተሽ ንገሪኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ መንገዱ እንደምታውቂው ጭቃ ነው። ኦሮምኛውን ገበያ ላይ ከእኔ በላይ ብትቀልጂበትም በቁቤ ማንበብ ስለማይሆንልሽ በአማርኛ እጽፍልሻለሁ።

የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ስለጠየቅሽኝ ነገር ነው። «ቲቸር፣ ዳቦ ቤቱን ልሽጠው ወይስ ይቆይ? አንቺ ያልሽውን ነው የማደርገው» አልሽኝ። እኔም ሻይዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «ሽጪው» አልኩሽ። አሁን ሐምሌ ሲገባ ከገዢው ከኢቢሳ ጋር ልትፈራረሚ ትመጫለሽ። ኢቢሳ ምድጃውን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። ሳትፈርሚ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። በስልክ አልነግርሽም፤ በስልክ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ነገሩ ከደበርጃኑ ይጀምራል።

ከአንገር ጉቲን የሚመጣው የአትክልት መኪና መንገድ ላይ ሲጉላላ ውሎ አመሻሽ ላይ የገባበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ደበርጃኑ ሁሉ ተጨፍልቆ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ነበር። አንቺ እያገላበጥሽ «ይኼማ ለፍየልም አይሆን» ስትዪ፣ እኔ ደግሞ «ጓሮዬ ላይ አበቅለዋለሁ» አልኩ።

«የት? እዚህ?» ብለሽ ሳቅሽ። «ቲቸር፣ ይኼ የቆላ ነገር ነው፤ እንደ አንቺ ብርድ አይችልም። ነቀምቴ ላይ ካፈራልሽ ፉአድን ፈትቼ አንቺን አገባለሁ!»

ባልሽ ሊጥ በያዘ እጁ ከውስጥ ብቅ ብሎ «አላህ ያጽናሽ፣ ቲቸር!» አለኝ።

እኔ የተማርኩት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፉን ነበር። አይሆንም የተባለ ነገር ካለ፣ በሥርዓቱ አልተሠራም ማለት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በሥርዓቱ ሠራሁት። ዘሩን ከአትክልት ነጋዴው ከአሻግሬ ወሰድኩ። በኅዳር ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ በቆርቆሮ ጣሳ አበቀልኩት። የካቲት ሞቅ ሲል አውጥቼ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው በዳቦ ቤታችሁ የኋላ ግድግዳ ሥር ተከልኩት። በዙሪያው ቀን ሙቀት እንዲይዙለት ጥቁር ድንጋዮች ደረደርኩ፤ ማታ ማዳበሪያ ከረጢት አለበስኩት። ጉልበቱን በቅጠል እንዳይጨርስ ጫፉን ቀነጠብኩ። ንብ በብርድ ስለምትሰንፍ፣ አበባው ሲፈነዳ በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አደርገው ነበር። አንቺ በአጥሩ ላይ አንገትሽን አስግገሽ «ቲቸር ተማሪ አጥታ አበባ ትቀጣለች!» ስትዪ መንገደኛው ሁሉ ይሰማሽ ነበር።

አፈራ። ክረምቱ ሳይበረታ፣ ጥቁር ሐምራዊ፣ እንደተወለወለ ጫማ የሚያበራ ደበርጃን። ፉአድ ምድጃው አፍ ላይ ቆዳው እስኪያር ጠበሰው፤ አንቺ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በዘይት አድቅቀሽ በትኩስ ዳቦ አቀረብሽው። ገና ሳትቀምሺው «ጨው አነሰው» አልሽ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሳትቀምሺ እንዲሁ ትዪ ነበር። ረመዳን ከደበርጃኑ ጋር ሲገጥም፣ ሳልጾም አብሬሽ አፈጥር ነበር። አዛን እስኪል እጄን ሰብስቤ አንቺን አንቺን ሳይ፣ ለካ እኔም ርቦኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እንዳስተምራቸው መጡ። ዘሩን አካፈልኳቸው፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ እርሳሱ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። የአንዷም አላፈራም። «የተባሉትን በትክክል አልሠሩም» እል ነበር። ለአንቺም እንዲሁ ብዬሻለሁ፤ አንቺም «ምስኪኖች፣ ወድቀዋላ!» ብለሻል።

ካቻምና ፉአድ አረፈ። ሐዘኑ እንዳለቀ ልጅሽ መጥቶ ወደ ቡታጅራ ወሰደሽ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ የሚባል ብዙ ነገር አለ፤ እኔ ግን «የሻንጣሽ ገመድ ላልቷል፣ አጥብቂው» ብዬሽ ተመለስኩ።

በቀጣዩ ዓመት ደበርጃኑን በዚያው ቦታ፣ በዚያው አሠራር ተከልኩት። ቅጠሉ ተኮራመተ። አበባው እርሳሴን ሳይጠብቅ ረገፈ። ፍግ ጨመርኩ፤ ቀነስኩ። ዘሩን ተጠራጥሬ ከአሻግሬ ሌላ ወሰድኩ። ከረጢቱን በብርድ ልብስ ቀየርኩት። ምንም። በሚያዝያ አንድ ማለዳ አረም ላወጣ አጎንብሼ ስነሳ ጀርባዬን ያዘኝና ግድግዳችሁን ተደገፍኩ።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር።

ያኔ ገባኝ፣ ነስሪን። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው የእናንተ ምድጃ ነው። ፉአድ ሁሉም ሳይነቃ የሚለኩሰው እሳት ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ ጓሮ ይሻገር ነበር። ጀርባዬን ሲያመኝ ወንበሬን ወደዚያ የማስጠጋው ለምን እንደሆነ እንኳ አንድ ቀንም ራሴን አልጠየቅሁም። የሊጡ መመታት፣ አንቺ ለዱቄት አምጪው «ይህን ዱቄት ነው የምትለኝ? አመድ ነው!» እያልሽ መጮህሽ፣ የፉአድ ሳል፤ ሁሉም በዚያ ግድግዳ በኩል ይገባ ነበር። ሴቶቹን ሳስተምር ከዘሩ እስከ እርሳሱ ዘረዘርኩላቸው፤ ዋናውን አልነገርኳቸውም፤ እኔም አላወቅሁትምና። የእነሱ ጓሮ ከዳቦ ቤት ጋር አይጎራበትም።

ዘንድሮ እንግዲህ ያለ እሳት የሚሆንበትን መንገድ ፈለግሁ። ያችን በየአጥሩ ሥር የምትበቅለውን እሾሃም እምቧይ ታውቂያታለሽ፤ በእኛ ሂዲ የምንላትን። እሷ ብርድም እርጥብ መሬትም አይበግራትም፤ ቅጠሏም ከደበርጃን ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ብርቱካን ላይ እንደተማርኩት፣ የእምቧዩን ግንድ ሰንጥቄ የደበርጃኑን ቀንበጥ አጋባሁበትና በላስቲክ አሰርኩት። ሲይዝ እያየሁ ለአንቺ ልደውል አስቤ ነበር። አፍርቶ ይሁን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ፌኔት በር ላይ ጠበቀችኝ። ፌኔት ማለት አንቺ ከሄድሽ በኋላ የጓሮዬን ክፍል የተከራየችው የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ጨዋ ልጅ ናት።

«አዴ፣ ጓሮውን ሂዲ ወርሶት ነበር እኮ! ሁሉንም ነቅዬ አጸዳሁልዎ።»

«ፌኔት፣ እሱ ሂዲ አይደለም።»

«እንዴ! ይኸው እሾሁ ወግቶኛል!»

«ሥሩ ሂዲ ነው። ላዩ ደበርጃን ነው።»

ጣቷን እየጠባች አየችኝ። «ያ ዋቃዮ! ሂዲ ላይ ምግብ የሚተክል ሰው የት አለ?»

በጣም ተናድጄ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ምን እላለሁ? አባቷ እርሻ ላይ ሂዲ ባየች ቁጥር እንድትነቅል ነው ያሳደጋት። እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ።

ፌኔት ያላየችው አንድ ብቻ ቀረ፤ ከውሃው ሮቶ ጀርባ የነበረው። ሮቶው ጥቁር ስለሆነ ቀን የሞቀው ውሃ ማታ ደግፎት ኖሯል። አበበ፤ በእርሳሴ መታሁት፤ አንዲት ፍሬ ያዘ። ፍሬዋ ትንሽ ናት፤ ግን ታበራለች። ባለፈው ሳምንት ቆርጬ ከሰል ላይ ጠበስኳት፤ አንቺ እንደምታደርጊው በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በዘይት አደቀቅኋት። ፌኔትን ጠራኋት።

«ይቅርብኝ አዴ» አለች እጇን ወደ ኋላ ደብቃ። «እርስዎም ባይበሉት ይሻል ነበር። ሂዲ በልተው ቢታመሙ ለልጆችዎ ምን ብዬ ልደውል?»

ብቻዬን በላሁት። ጣዕሙ ልክ ነበር፣ ነስሪን። ጨዉም ልክ ነበር። ጨው አነሰው የሚል ሰው ስለሌለ ግማሹን ሳልጨርሰው ሸፍኜ አስቀመጥኩት፤ በማግስቱ ደፋሁት።

ቅዳሜ የደወልሽልኝ ከዚህ በኋላ ነው። «ሽጪው» ያልኩሽ ምክንያቱ ትክክል ስለሆነ ነው። ሰው የማይኖርበት ቤት ይፈርሳል። ጣሪያው ከአሁኑ ያንጠባጥባል። ልጅሽ ገንዘቡ ያስፈልገዋል፤ አንቺም ለጉልበትሽ ሐኪም ያስፈልግሻል። የልጅ ልጆችሽ እዚያ ናቸው። ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመልሳለሁ፤ ተማሪ ቢመልሰውም ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ደበርጃኑን ምክንያት አድርጌ አትሽጪው ልልሽ አስቤ ነበር፤ ያንንም አልችልም። ደበርጃኑ ያለ እሳታችሁ አፍርቷል። ለከርሞም በሮቶው ጀርባ አበዛዋለሁ። እሱ ብልሃት ተገኘለት።

ለእኔ ግን አልተገኘልኝም። ጠዋት እነሳለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። ልጆቼ ይደውላሉ፤ ደህና ነኝ እላቸዋለሁ፤ ይዘጋሉ። ፌኔት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ከእሑድ እስከ እሑድ በስሜ የሚጠራኝ፣ የሚቀልድብኝ ሰው የለም። ብቻዬን ነኝ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ለማንም ጽፌው አላውቅም።

አትሽጪው። ምድጃው አይፍረስ። መጥተሽ ኑሪ፤ የዓመቱን ግማሽ እንኳ ቢሆን፣ ቡታጅራ ሲሰለችሽም ቢሆን። መጋገር አያስፈልግሽም፤ የበራችሁን ደረጃ መውጣት ካቃተሽም እኔ ቤት ትተኛለሽ። የምጠይቅሽ ለእኔ ስል ነው፤ ለአንቺ የሚበጀው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆርጠሽ ብትሸጪም አልቀየምሽም፤ ብቀየምም አታውቂውም። ግን የቅዳሜውን መልሴን ይዘሽ እንዳትፈርሚ። ይኼኛው ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑንም እያወቅሁ፣ ሳላርመው እልክልሻለሁ።

ጎረቤትሽ
ወርቂቱ ሞረዳ