ሙሽሪትን ለብቻዋ ይጠይቁ የነበሩት የክብር መዝገብ ሹም

አቶ ባንተአምላክ ወልደ ኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ኪዳን ፋንታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ገብርኤል የኔሰው፣ ከብቸና ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ግንቦት 21 ቀን 1943 ዓ.ም ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደብረ ወርቅ ገብተው ዳዊት ደገሙ፣ ቅኔም ጀመሩ። ቅኔውን ሳይጨርሱ ወደ ብቸና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቢዛወሩም ግእዙ አልለቀቃቸውም። ሲቆጡ በግእዝ ስለሚቆጡ፣ ልጆቻቸው ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር።

በጥር ወር 1964 ዓ.ም ከወ/ሮ አገሬ ቀለሙ ጋር በሽማግሎች ፊት ሰማንያ አሰሩ። ዋስ ተጠራ፣ እማኝ ቆመ፣ ጥሎሹ ታየ። የአሥራ አራት ዓመቷን ሙሽሪት ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። የአገሩ ወግ ነበርና በዚያ ቀን ያፈረም የለም።

ከ1966 ዓ.ም ጀምሮ በብቸና በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም ወደ ሞጣ ተዛውረው በማዘጋጃ ቤቱ የክብር መዝገብ ሹም ሆኑ። ያን ጊዜ በማዘጋጃ ቤት መጋባት እንደ ቁም ነገር አይታይም ነበር። ካህን ያልባረከው፣ ሼህ ኒካህ ያላሰረለት ጋብቻ የበሬ ሽያጭ ውል ነው የሚል ብዙ ነበር። አቶ ባንተአምላክ ግን አያቶቻችን በሽማግሌ ፊት ሰማንያ ሲያስሩ ኖረዋልና ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይደለም ብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክር ብቻም አልበቃቸውም። ጋብቻ ባለ ቀን ቢሮውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ የሁለቱንም ወገን ወላጆች እስከ አያት ድረስ በስም ይጠራሉ። ቃል ሲያስገቡ ተቀምጠው አያውቁም። "ማኅተም ተቀምጦም ይመታል፤ ሰው ሲጋባ ግን ይቆማል" ይሉ ነበር። ከተክሊል በኋላም ከኒካህ በኋላም ለወረቀት ብቻ የመጡ ሙሽሮች፣ ሳያስቡት ሁለተኛ ሠርግ ተደግሶላቸው ይመለሱ ነበር።

በ1987 ዓ.ም አንዲት ሙሽራ አቀርቅራ ፈረመች። በሳምንቱ ከባሏ ቤት ጠፍታ መርጡለ ማርያም ዘመድ ዘንድ መግባቷን ሰሙ። አቶ ባንተአምላክ በዚህ ብዙ አዘኑ፣ ራሳቸውንም ወቀሱ። ከዚያ ወዲህ ሙሽራውንም ወላጆችንም ወደ በረንዳ አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ሙሽሪትን ለብቻዋ ሳይጠይቁ ማንንም አጋብተው አያውቁም። ያልፈቀደችውንና ዕድሜዋ ያልደረሰውን ይመልሳሉ። በዚህም ከምርቃቱ እኩል እርግማን ጠግበዋል።

በ1997 ዓ.ም ልጁ የተመለሰችበት አንድ አባት በበረንዳው ላይ ሰው በተሰበሰበበት "የእርስዎንስ ሚስት ማን ጠየቃት?" አላቸው። በሕይወታቸው እንደዚህ የከበዳቸው ጥያቄ አልነበረም። በወሩ ወ/ሮ አገሬን ወደ ቢሮ ጋበዙ፣ ምስክሮችን ጠሩ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከመዝገቡ ኋላ ቆመው "በፈቃድሽ ነው?" ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ አገሬም በእርጋታ "ጠያቂውም ሙሽራውም እርስዎ ከሆኑ፣ እምቢ ብል ማን ይሰማኛል?" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሞጣ ሳቀች። ሌላ ባል ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይልክ ነበር። አቶ ባንተአምላክ አልላኩም። የተለመነች ሙሽራ ተጠየቀች አይባልም ብለው ስድስት ዓመት ጠበቁ። በቤታቸው ሰላም ነበር፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያስቀድሳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። በመዝገቡ ላይ ግን የሁለቱ ገጽ ባዶውን ቆየ።

ሰኔ 30 ቀን 2003 ዓ.ም በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ቦታውን ራሳቸው ያሠለጠኗቸው ወ/ሮ ሐናን አብዱራዛቅ ተረከቡ። በጥር 2004 ዓ.ም ወ/ሮ አገሬ ማንንም ሳያማክሩ ወደ ወ/ሮ ሐናን ሄደው ቀን አስያዙ። በቀጠሮው ዕለት አቶ ባንተአምላክ እንደማንኛውም ሙሽራ ወደ በረንዳ እንዲወጡ ተነገራቸው። ስንቱን ያስወጡ ሰው፣ በስልሳ ዓመታቸው እዚያው ቆመው ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውሩ ልጆቻቸው አይተዋል። ውስጥ ያለው ነገር ረዘመ። ከምስክሮቹ አንዱ ሊያጽናናቸው ሲሞክር ዝም እንዲል በእጃቸው ምልክት ሰጡት። በሩ ሲከፈት ወ/ሮ አገሬ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል ስማቸውን ጽፈው ነበር። አቶ ባንተአምላክ ፈረሙ፣ አለቀሱም። ውስጥ ምን እንደተባለ ግን ጠይቀው አያውቁም። ሙሽሪት በዝግ በር የተናገረችው የመዝጋቢው አደራ ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋልና።

አቶ ባንተአምላክ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሞጣና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ ያጋቧቸው ክርስቲያንና ሙስሊም ባለትዳሮች፣ "ገና ነሽ" ብለው የመለሷቸውና ዛሬ መምህርትና ነርስ የሆኑ ሴቶች በተገኙበት በሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የሦስት ልጆች አባት፣ የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የመጀመሪያ ልጃቸው ዘሪቱ ባንተአምላክ፣ በዚያ ቀን ለወ/ሮ ሐናን የተሰጠው መልስ እዚህ እንዲነበብ እናቷን አስፈቅዳለች። ወ/ሮ አገሬ ያሉት ይህ ነው፦ "በአሥራ አራት ዓመቴ የጠየቀኝ ቢኖር እምቢ ባልሁ ነበር። ዛሬ የሚድረኝም የሚያስገድደኝም የለ። ወድጄ አገባቸዋለሁ።" ለአቶ ባንተአምላክ ይህ ቃል ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነበብላቸዋል።

የሰውን ፈቃድ ያከበሩትን አባት እግዚአብሔር በቸር ፈቃዱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።